የዲ.ኤን.ኤ. ናኖቴክኖሎጂና የጡት ካንሰር፦ መድኃኒትን ከአድራሻው የማድረስ ጥያቄ

መግቢያ

ዲ.ኤን.ኤ. የሚለው ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ትምህርት ያገኘነውን እውቀት ነው። ልጅ ወላጆቹን እንዲመስል የሚያደርገው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኘው የዘር መረጃ ማኅደር ይኸው ሞለኪውል ነው። ይሁን እንጂ ካለፉት አራት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞለኪውል በሌላ ዓይን መመልከት ጀምረዋል። በእነርሱ ዘንድ ዲ.ኤን.ኤ. የሚነበብ መረጃ ብቻ ሳይሆን እንደ እንጨትና እንደ ብረት የሚገነባበት ዕቃ ነው። ከዚህም ዕቃ በዓይን ቀርቶ በተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ጭምር ቅርጻቸው ሊለይ የማይችል ሣጥኖች፣ ቱቦዎችና ሦስት ማዕዘኖች ይሠራሉ። የሣጥኖቹም አንዱ ዓላማ መድኃኒት ተሸክሞ ወደ ካንሰር ሕዋስ መድረስ ነው።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ጉጉት ያለፈ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው በምርመራ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት 670,000 ይደርሳሉ። በአገራችንም ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች መካከል የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው የጡት ካንሰር ነው፤ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ቀዶ ሕክምና ብቻውን ስለማይበቃ፣ በደም አማካይነት መላ ሰውነትን የሚያዳርስ መድኃኒት መስጠት ግድ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የዲ.ኤን.ኤ. ናኖቴክኖሎጂ ምን እንደሆነ፣ በጡት ካንሰር ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ምን እንዳሳዩና ምን እንደቀራቸው እንመለከታለን። እግረ መንገዳችንንም ጥያቄው የሐኪሞችና የባዮሎጂ ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ጥያቄ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

1. መድኃኒቱ ኃይል አያንሰውም

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች መካከል ዶክሶሩቢሲን የተባለው በሰፊው የታወቀ ነው። ቀይ ቀለም ያለው ይህ መድኃኒት ከአፈር ባክቴሪያዎች ዘር የተገኘ ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሐኪሞች እጅ ይገኛል። አሠራሩም ቀጥተኛ ነው። ሞለኪውሉ ጠፍጣፋ አካል ስላለው በሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. እርከኖች መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባል፤ ዲ.ኤን.ኤ.ውን የሚፈታውንና የሚያጠምዘውን ኢንዛይምም ሥራውን እንዳይጨርስ ያግደዋል። ዘሩን መቅዳት ያልቻለ ሕዋስ ደግሞ መራባት ያቅተውና ይሞታል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ካንሰሩን ለመግደል የሚያስችል ኃይል አለው። ችግሩ የሚመጣው ካንሰሩን ከጤነኛው ለይቶ አለማወቁ ነው። የሞለኪውሉ መጠን ከአንድ ናኖ ሜትር ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ፣ ወደ ደም ሥር በተወጋ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በመላው የሰውነት ክፍል ይሠራጫል። ቶሎ ቶሎ የሚራቡትን የጠጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና የአጥንት መቅኔ ሕዋሳት ያጠቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በልብ ጡንቻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ታማሚ በዕድሜ ዘመኑ ሊወስደው የሚችለው ጠቅላላ የዶክሶሩቢሲን መጠን ገደብ ተበጅቶለታል። ካንሰሩ ገና ሳይሸነፍ ገደቡ የሞላ እንደሆነ፣ ሐኪሙ የሚሠራ መድኃኒት እያለው ሊሰጠው አይችልም።

ሌላም ችግር አለ። አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት በሽፋናቸው ላይ ያሉ ፓምፖችን ያበዙና የገባውን መድኃኒት አንድ በአንድ መልሰው ወደ ውጭ ይተፉታል። መድኃኒት የተላመደ ካንሰር የምንለው አንዱ ይህ ነው።

በመሆኑም የሚፈለገው የበለጠ ኃይለኛ መርዝ አይደለም። የሚፈለገው ጭነቱን በየመንገዱ የማያንጠባጥብ፣ የሚሄድበትን የሚያውቅና ሲደርስ ብቻ የሚያራግፍ ተሸካሚ ነው። እርግጥ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን በቅባት ከረጢት ውስጥ ታሽጎ የሚሰጥበት፣ ዶክሲል የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ በልብ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ አስችሏል። የቅባት ከረጢት ግን እንደ ሳሙና አረፋ ክብ ነው፤ ቅርጹን እንደ ልብ መወሰን፣ በላዩም ላይ እያንዳንዱን ሞለኪውል በተፈለገው ነጥብ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ዲ.ኤን.ኤ. ትኩረት የሳበው ይህን ስለሚያስችል ነው።

2. ዲ.ኤን.ኤ. ስለምን ለግንባታ ተመረጠ?

የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ መሰላል ነው። የመሰላሉ ስፋት 2 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖ ሜትር ነው። አንድ ሙሉ ዙር ለመጠማዘዝ 10.5 ያህል እርከኖች ያስፈልጉታል። የአንድ ሰው ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስታውስ የመጠኑን ረቂቅነት እንረዳለን።

እያንዳንዱ እርከን ከሁለት ፊደላት የተሠራ ነው። አዴኒን ከታይሚን ጋር በሁለት የሃይድሮጅን ትስስሮች፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ደግሞ በሦስት ይያያዛሉ። ከእነዚህ ትስስሮች እያንዳንዱ ደካማ ነው፤ በሰውነታችን ሙቀት የሚርገበገቡት የውኃ ሞለኪውሎች በቀላሉ ሊበጥሱት ይችላሉ። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ሃያና ሠላሳ እርከኖች አንድ ላይ ሲሰለፉ ሁለቱ ክሮች በሰውነት ሙቀት ሳይለያዩ ይቆያሉ። ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይለያያሉ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እያንዳንዱ ክር የራሱን ጥንድ ፈልጎ ይገናኛል።

ለግንባታ ዋናው ቁም ነገር ይህ የመፈላለግ ችሎታ ነው። በአራት ፊደላት 16 ፊደል ርዝመት ያለው ቃል እንጻፍ ብንል ልንጽፋቸው የምንችላቸው የተለያዩ ቃላት 4 በራሱ 16 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል፣ ማለትም ከ4 ቢሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሕንፃው ክፍል ከሌላው ጋር የማይምታታ አድራሻ ልንሰጠው እንችላለን። ጡብ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ጡብ አገኘን ማለት ነው።

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው አሜሪካዊው የክሪስታል ተመራማሪ ናድሪያን ሲማን ነበር። ሲማን በ1980 በአልባኒ ከተማ ሳለ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የኤሸርን በሥርዓት የተደረደሩ ዓሦች የሚያሳይ ሥዕል ያስታውስና፣ እያንዳንዱን ዓሣ ባለ ስድስት ክንድ የዲ.ኤን.ኤ. መገናኛ አድርጎ አሰበው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1982 በጽሑፍ አወጣ፤ በ1991ም ከባልደረባው ጋር ጠርዞቹ ከዲ.ኤን.ኤ. የተሠሩ ኪዩብ አበጀ። የሲማን ዓላማ ፕሮቲኖችን ለኤክስ ሬይ ጥናት በሥርዓት የሚደረድር መዋቅር መሥራት እንጂ መድኃኒት ማጓጓዝ አልነበረም። በሳይንስ ታሪክ እንደሚደጋገመው፣ ለአንድ ጥያቄ የተዘረጋው መንገድ ወደ ሌላ ከተማ አደረሰ።

3. ድርና ማግ

የሲማን አሠራር አድካሚ ነበር። ሥራውን ያቀለለው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠራው ፖል ሮተመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው ዘዴ ነው። ዘዴው ዲ.ኤን.ኤ. ኦሪጋሚ ይባላል፤ ኦሪጋሚ ወረቀት አጣጥፎ ቅርጽ የማውጣት የጃፓኖች ጥበብ ነው። እኛ ግን ለመረዳት የሸማኔ ሥራ የበለጠ ይቀርበናል።

ሸማኔ አስቀድሞ ድሩን ይዘረጋል፤ ከዚያ ማጉን በመሐሉ እያመላለሰ ያያይዘዋል። ሮተመንድ ለድር የተጠቀመው ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ፣ ኤም 13 ከተባለ ቫይረስ የተወሰደ አንድ ረጅም ነጠላ ክር ነው። ይህ ክር 7,249 ፊደላት አሉት፤ ቢዘረጋ 2.5 ማይክሮ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለማግ የተጠቀመው ደግሞ በፋብሪካ የተዘጋጁ፣ በብዛት 32 ፊደል የሚረዝሙ ከ200 በላይ አጫጭር ክሮችን ነው። የእያንዳንዱ አጭር ክር አንድ ጫፍ ከረጅሙ ክር አንድ ቦታ ጋር፣ ሌላው ጫፍ ከሌላ ሩቅ ቦታ ጋር እንዲጣመር ተደርጎ ስለተጻፈ፣ ሁለቱን ቦታዎች ስቦ ያቀራርባቸዋል። በዚህ ዓይነት ረጅሙ ክር እየታጠፈ የተፈለገውን ቅርጽ ይይዛል።

ከሸማኔው ሥራ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር ሸማኔ አለመኖሩ ነው። ክሮቹ ማግኒዥየም ባለበት ውኃ ውስጥ ተቀላቅለው እስከ 95 ዲግሪ ከሞቁ በኋላ ቀስ ብለው ሲቀዘቅዙ፣ ልብሱ በራሱ ይሸመናል። ሮተመንድ በዚህ መንገድ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ኮከብ፣ ወደ 100 ናኖ ሜትር ስፋት ያለው የሚስቅ ፊት ጭምር ሠርቷል። የአንዱ ቅርጽ ክብደት እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ፣ በአንድ ሚሊግራም ውስጥ ከ100 ትሪሊዮን የሚበልጡ ይገኛሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ውፍረት ያላቸው ቅርጾችና ክዳኑ በቁልፍ የሚከፈት ሣጥን ተሠሩ። ሣጥን ከተገኘ በውስጡ ምን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ መከተሉ አይቀርም።

4. ጭነቱ እንዴት ይጫናል?

ዶክሶሩቢሲን ካንሰሩን የሚገድለው በዲ.ኤን.ኤ. እርከኖች መካከል በመግባት ነው ብለናል። ከዲ.ኤን.ኤ. የተሠራ ተሸካሚ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ እርከኖች አሉት። ስለዚህ ተሸካሚውን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ብልቃጥ ማቆየት ብቻውን ለመጫን ይበቃል፤ መድኃኒቱ በባሕርዩ ወደሚወደው ቦታ ይገባል። ለገዳይነቱ ምክንያት የሆነው ጠባይ ለመጓጓዣነትም ዋለ።

በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ቢዮርን ሆግበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረቡት ሥራ ለፊዚክስ ተማሪ በተለይ የሚጥም ነው። መድኃኒቱ በሁለት እርከኖች መካከል ሲገባ እርከኖቹን ያራርቃል፤ ጥምዝዙንም በጥቂት ዲግሪ ያላላል። ጠብቆ በተገመደ ገመድ መሐል ጣት ማስገባት እንደሚያስቸግር፣ በላላ ገመድ ግን እንደሚቀል ሁሉ፣ ተመራማሪዎቹም ተሸካሚውን አስቀድመው ቢያላሉት ብዙ መድኃኒት ይይዝ ይሆን ብለው ጠየቁ። ሁለት ዓይነት ቱቦዎች ሠሩ። አንዱ እንደ ተፈጥሮው በ10.5 እርከን አንድ ዙር የሚጠማዘዝ፣ ሌላው በ12 እርከን አንድ ዙር እንዲጠማዘዝ የተገደደ ነው። የላላው ቱቦ ብዙ መድኃኒት ያዘ፤ የያዘውንም በዝግታ ለቀቀ። ሁለቱም በሦስት ዓይነት የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ተፈትነው ሕዋሳቱን መግደላቸው ታይቷል። የመድኃኒት አለቃቀቅ ፍጥነት በገመድ አገማመድ ሊወሰን ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በቤይጂንግ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ዶክሶሩቢሲን የጫኑ ሦስት ማዕዘኖችንና ቱቦዎችን፣ መድኃኒቱን በተላመዱ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሞከሩ። ለብቻው ሲሰጥ እምብዛም የማይጎዳቸው መድኃኒት፣ በዲ.ኤን.ኤ. ተጭኖ ሲገባ በሕዋሳቱ ውስጥ በብዛት ተከማችቶ ገደላቸው። ሕዋሱ ተሸካሚውን የሚውጠው በከረጢት ጠቅልሎ በመሆኑ፣ በሽፋኑ ላይ ያሉት ፓምፖች በበር የሚጠብቁት ጭነት በሌላ መንገድ ወደ ውስጥ ያልፋል።

5. ጉዞው፦ ሞተር የሌለው መንገደኛ

እነዚህን ተሸካሚዎች የዜና ማሰራጫዎች ናኖ ሮቦት እያሉ ይጠሯቸዋል። ስሙ አንባቢን ያሳስታል ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ሮቦት ሲባል በደም ውስጥ እየዋኘ ካንሰርን የሚያድን ማሽን በዓይነ ሕሊናችን ይመጣል። እውነቱ ግን ተሸካሚው ሞተርም መቅዘፊያም የለውም። የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የደም ፍሰት፣ ሁለተኛው ዙሪያውን የሚገፈታትሩት የውኃ ሞለኪውሎች።

ሁለተኛውን አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣው የብራውን እንቅስቃሴ ጥናት ልናሰላው እንችላለን። 100 ናኖ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ቅንጣት፣ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ በግፍትሪያ ብቻ የ100 ማይክሮ ሜትር ርቀት ለመሄድ በአማካይ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ግን ርቀቱ 10 እጥፍ ሲጨምር ጊዜው 100 እጥፍ ይጨምራል። ስለሆነም አንድ ሳንቲ ሜትር ለመጓዝ 4 ደቂቃው በ10,000 ይባዛል፤ ይህም አንድ ወር ገደማ ነው። በሕዋሳት መካከል ያለው ቦታ ደግሞ ከውኃ ይልቅ በክሮችና በዝልግልግ ነገሮች የተሞላ በመሆኑ ጉዞው ከዚህም ይዘገያል።

ከዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። ረጅሙን መንገድ የሚያሻግረው ደም ብቻ ነው፤ ግፍትሪያው የሚጠቅመው ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ማይክሮ ሜትሮች ነው። ስለዚህ ተሸካሚው በደም ውስጥ ለብዙ ሰዓታት መቆየት አለበት። ከ6 ናኖ ሜትር በታች ከሆነ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል፤ ከመጠን በላይ ከተለቀም ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል። የካንሰር ዕጢ የደም ሥሮች በጥድፊያ የተሠሩ በመሆናቸው ግድግዳቸው ቀዳዳ ይበዛዋል፤ ከ100 ናኖ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ቅንጣት ከጤነኛው የደም ሥር ባያልፍም ከዚህኛው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጡት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከተፈተኑት ቅርጾች መካከል በዕጢው ውስጥ በብዛት የተከማቸው ሦስት ማዕዘኑ ሲሆን፣ ዶክሶሩቢሲን ጭኖ ሲሰጥም የዕጢውን እድገት ቀንሷል።

ይሁን እንጂ በዚህ መሽሎክ ብቻ መመካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቶሮንቶ የሚገኙ ተመራማሪዎች የዐሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በእንስሳት ደም ውስጥ ከተወጉት ልዩ ልዩ ናኖ ቅንጣቶች ወደ ዕጢው የደረሱት በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ1,000 ተሸካሚዎች 7 ደረሱ፤ 993ቱ ሌላ ቦታ ቀሩ ማለት ነው።

6. ቁልፉና በሩ

አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የሚቀሩ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሲቀሩ ጭነታቸውን እንዳያራግፉ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ተሸካሚው አካባቢውን የሚለይበት ምልክት ይሻል።

አንዱ መንገድ አፕታመር የተባሉትን አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ. ክሮች መጠቀም ነው። እነዚህ ክሮች በራሳቸው ላይ ተጣጥፈው የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ ለይተው የሚይዙ ናቸው። አፕታመሩ በሌላ ክር ተጣምሮ እንደ መቀርቀሪያ ተሸካሚውን ዘግቶ ይይዛል። የሚፈልገው ፕሮቲን ሲገጥመው ጥንዱን ትቶ ወደ ፕሮቲኑ ይሄዳል፤ መቀርቀሪያውም ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዳግላስ፣ ባቼሌትና ቸርች በዚህ ዘዴ ሁለት መቀርቀሪያዎች ያሉት በርሜል ሠርተዋል፤ ሁለቱም ቁልፎች በአንድነት ካልተገኙ አይከፈትም። ይህ በኤሌክትሮኒክስ የምናውቀው የ"እና" በር መሆኑን አንባቢ ያስተውላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የቤይጂንግና የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት ሥራ ይህን ሐሳብ ወደ ሕያው እንስሳ ወሰደው። 90 በ60 ናኖ ሜትር የሆነ የዲ.ኤን.ኤ. ምንጣፍ ሠርተው፣ በላዩ ላይ ደም የሚያረጋውን ትሮምቢን የተባለ ኢንዛይም በአማካይ አራት አራት አድርገው ካስቀመጡ በኋላ ምንጣፉን ጠቀለሉት። መቀርቀሪያው የሚከፈተው በዕጢው የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በሚገኘው ኑክሊዮሊን በተባለ ፕሮቲን ነው። ሲከፈት ትሮምቢኑ ይገለጥና በዚያው ቦታ ደም ያረጋል፤ ምግብና ኦክስጅን የተቋረጠበት ዕጢም ይሞታል። የሰው የጡት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይ የዕጢው እድገት ተገታ፤ በጤነኛ አይጦችና በትንንሽ አሳማዎች ላይ በተደረገው ፍተሻም በሌላ የሰውነት ክፍል የደም መርጋት አልታየም። የልብና የአንጎል የደም ሥር በስሕተት ቢዘጋ ምን እንደሚከተል ስናስብ፣ በሩ ያለ ቦታው አለመከፈቱ የሙከራው ዋና ጥያቄ እንደነበር እንረዳለን።

ሁለተኛው መንገድ የአካባቢውን ኬሚስትሪ እንደ ቁልፍ መጠቀም ነው። የደማችን ፒ.ኤች. 7.4 ሲሆን፣ የዕጢው አካባቢ ግን አሲድነቱ ጨምሮ እስከ 6.5 ሊወርድ ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የካሮሊንስካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ይህንን ልዩነት የሚጠቀም መሣሪያ አቅርቧል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ መርዝ የሚባል ነገር የለም። ስድስት አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጮች በስድስት ጎን ቅርጽ ተደርድረው በቱቦው ውስጥ ተደብቀዋል። በደም ውስጥ እንደተደበቁ ይቆያሉ፤ ፒ.ኤች. 6.5 ሲሆን ይገለጣሉ። ያን ጊዜ በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ያሉትን፣ የሞት ተቀባይ የሚባሉትን ሞለኪውሎች አቀራርበው ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዙታል። የጡት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ፣ የማይሠራ መሣሪያ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር የዕጢው እድገት እስከ 70 በመቶ ቀንሷል። እዚህ ላይ ገዳዩ የሞለኪውሎቹ ብዛት ሳይሆን አደራደራቸው ነው፤ ይህንን በናኖ ሜትር ልክ መወሰን የሚችል ዕቃ ደግሞ ከዲ.ኤን.ኤ. ሌላ ብዙ የለም።

7. ገና ያልተሻገርናቸው ወንዞች

እስከ ዛሬ ድረስ ለጡት ካንሰር ታማሚዎች እንዲሰጥ ፈቃድ ያገኘ የዲ.ኤን.ኤ. ኦሪጋሚ መድኃኒት የለም። ከላይ የተዘረዘሩት ውጤቶች በብልቃጥና በአይጥ የተገኙ ናቸው። ወደ ሰው ለመድረስ ቢያንስ አራት ችግሮች መፈታት አለባቸው።

የመጀመሪያው የኩሎምብ ሕግ ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ክሮች ኔጌቲቭ ሙል ስላላቸው ጎን ለጎን ሲታሸጉ ይገፋፋሉ፤ አስማምቶ የሚይዛቸው ፖዘቲቭ ሙል ያለው ማግኒዥየም ነው። በደማችን ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ግን ተሸካሚው ሲሠራ ከነበረው ዐሥር እጥፍ ገደማ ያንሳል። ሁለተኛው፣ ደም የባዕድ ዲ.ኤን.ኤ. የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉት። ለሁለቱም መፍትሔ እንዲሆን ተሸካሚውን ፖዘቲቭ ሙል ባለው ሽፋን ማልበስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሞክሮ የመቆያ ጊዜውን በብዙ እጥፍ ማራዘም ተችሏል። ሦስተኛው፣ የሰውነት መከላከያ የባክቴሪያ የሚመስል ዲ.ኤን.ኤ. ሲያይ መቆጣቱ ነው። አራተኛው ዋጋና ብዛት ነው፤ ለአይጥ የሚበቃው መጠን በሺህ እጥፍ ለሚከብድ ሰው አይበቃም። በዚህ ረገድ በሙኒክ የሄንድሪክ ዲትዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ረጅሙንም አጫጭሮቹንም ክሮች በባክቴሪያና በቫይረስ አማካይነት በጋን ማምረት እንደሚቻል ማሳየቱ ዋጋውን በብዙ የሚያወርድ እርምጃ ነው።

አምስተኛ ብለን የምንጨምረው አይጧ ሰው አለመሆኗን ነው። በአይጥ ላይ የሚተከል ዕጢ በጥቂት ሳምንታት የሚያድግ፣ የደም ሥሮቹም በጣም የሚያንጠባጥቡ ነው። በሰው ላይ ዓመታት የወሰደው ዕጢ እንዲሁ ላይሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንይዛለን? አንደኛ፣ የዲ.ኤን.ኤ. ናኖቴክኖሎጂ አዲስ መርዝ ሳይሆን አዲስ የአድራሻ አጻጻፍ ነው። ያለውን መድኃኒት ከቦታው ለማድረስ፣ አልፎም የሞለኪውሎችን አደራደር ራሱን መድኃኒት ለማድረግ ያስችላል። ሁለተኛ፣ ናኖ ሮቦት ካንሰርን አዳነ የሚል ዜና ስናነብ በብልቃጥ ነው፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከፊታችን ያለውን ሕክምና ትቶ ገና ያልደረሰውን መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ዛሬ ከሁሉ የሚጠቅማት ሳትዘገይ መመርመሯ ነው፤ በጊዜ የተገኘ ዕጢ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ሦስተኛው ለተማሪዎቻችን ነው። የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጾችን የሚነድፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ ጥምዝዝን፣ የሙል መገፋፋትንና ግፍትሪያን ለማስላት የሚያስፈልገውም በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመታት የምንማረው መካኒክስ፣ ኤሌክትሮስታቲክስና ስታቲስቲካል ፊዚክስ ነው። ውድ ቤተ ሙከራ ሳይኖር በወረቀትና በኮምፒዩተር ሊጠየቁ የሚችሉ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ከ1,000 ተሸካሚዎች 7 ብቻ የሚደርሱት ለምንድን ነው? ቅርጹ ቢረዝም፣ ቢላላ፣ ቢጠነክር ቁጥሩ ምን ይሆናል? 7ቱን 70 ማድረግ የቻለ፣ ለአንዲት ታማሚ የሚሰጠውን መድኃኒት ቀንሶ ልቧን ሊያተርፍላት ይችላል።